ከሰሌዳው እስከ ባለጉዳዩ፦ ፍርድ ቤት አሠራር ሲቀይር ማን ይሰማል?

(ባሕር ዳር ላይ ለነጋዴዎች፣ ለጀማሪ ጠበቆችና ለማመልከቻ ጸሐፊዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። በጽሑፍ ሳቀርበው እዚህም እዚያም አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎችም ጥቂቶቹን አካትቻለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሱቅ ዘግቶ ስለ ፍርድ ቤት ማስታወቂያ ለመስማት መምጣት ቀላል አይደለም። ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። እዚህ ችሎት የለም፣ አትፍሩ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ፍርድ ቤት ግቢ ስትገቡ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ቆማችሁ የምታነቡ እጃችሁን አውጡ። ጠበቆች አውርዱ፤ እናንተማ ሥራችሁ ነው። እንግዲህ አያችሁት፣ ጥቂት እጅ ነው የቀረው።

አልፈርድባችሁም። ሰሌዳው ራሱ ተነበብኩ አይልም። መስታወቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ያንጸባርቃል። ውስጡ ያለው ወረቀት ተደራርቧል። አንዱ የሐራጅ ማስታወቂያ ነው። አንዱ ክፍት የሥራ ቦታ ነው። አንዱ ስልካችሁን አጥፉ ይላል። ከእነዚህ ሥር፣ ጠርዙ ብቻ ብቅ ብሎ፣ አንድ ችሎት ሲያያቸው የነበሩ መዝገቦች ወደ ሌላ ችሎት መዛወራቸውን የሚናገር ወረቀት አለ። ቀን የለውም። ዋናው ግን እሱ ነው። እሱን ያላነበበ ሰው ጠዋቱን ሙሉ ሌላ በር ላይ ይቆማል። ስሙ ሲጠራ የለም። መዝገቡ ይዘጋል። ክሱ ጥሩ ነበር፣ ማስረጃውም የተሟላ ነበር። የተሸነፈው በበር ቁጥር ነው።

ዛሬ የምለው ይህንኑ ነው፦ ፍርድ ቤት አሠራሩን ሲቀይር፣ ለውጡ ባለጉዳዩ ጋ ሳይደርስ ባለጉዳዩን ሊጎዳው አይገባም። ወረቀቱ መለጠፉ ብቻውን ማንንም ነፃ አያወጣም። ፍርድ ቤቱንም ጭምር።

ይህ ሐሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ እንዳይመስላችሁ። አያቶቻችን ዘመን አዋጅ የት ነበር የሚነገረው? ገበያ ላይ። ነጋሪት ተጎስሞ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት። «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ተብሎ። እዚህ ላይ ትልቅ ብልሃት አለ። አዋጅ ነጋሪው ሁሉንም ሰው እንደማያገኝ ያውቃል። ስለዚህ የሰማውን ሁሉ መልእክተኛ ያደርገዋል። ሥርዓቱ እንከን አልነበረበትም እያልኩ አይደለም። አዋጁ ብዙ ጊዜ የግብር ወይም የዘመቻ ነበር፤ አልሰማሁም ያለም አይማርም ነበር። ግን ወሬው ሰው ወዳለበት ይሄዳል። ዛሬ ሰው ወረቀቱ ወዳለበት እንዲሄድ ነው የምንጠብቀው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ለዛሬው ንግግር በተላከላችሁ የጥሪ ወረቀት ላይ «የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት» የሚል ስታዩ አንዳንዶቻችሁ «እሱ አዲስ አበባ አይደል እንዴ፣ እኛን ምን አገባን?» ብላችኋል። ልክ ነው፣ ችሎቶቹ ያሉት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። ግን ሕገ መንግሥቱን ግለጡ። አንቀጽ 80 ንዑስ አንቀጽ 4 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከራሱ ሥልጣን በተጨማሪ፣ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ይዞ እንደሚሠራ ይናገራል። ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ እንደሚይዝ ይናገራል። እኛ ጠበቆች «በውክልና የሚታይ ጉዳይ» የምንለው ይህ ነው። በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 322 በአንዳንድ ክልሎች የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም አድርጓል። አማራ ክልል ከእነዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ እኛ ጋ ውክልናው ነው የሚሠራው።

በተግባር ምን ማለት ነው? እዚሁ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ሱቅ ያለው ሰው አዳማ ከሚኖር አስረካቢ ጋር ቢካሰስ፣ ነዋሪነታቸው በተለያየ ክልል ስለሆነ ጉዳዩ የፌዴራል ነው። ዳኛው የክልል ዳኛ ነው። ማኅተሙ የክልል ነው። ሥልጣኑ ግን የፌዴራል ነው። ባለጉዳዩ ይህን ላያውቅ ይችላል። ብዙ ጊዜም አያውቅም።

አሁን ለውጥ ሲመጣ የሚሆነውን ተመልከቱ። በ1988 በወጣው አዋጅ ቁጥር 25 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የፍትሐ ብሔር ጉዳይ የሚያየው እስከ 500 ሺህ ብር ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ለፌዴራል ከፍተኛው ነው። በ2013 አዋጅ ቁጥር 1234 መጣና ጣሪያውን 10 ሚሊዮን ብር አደረሰው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ አንድ ግቢ ትቶ ሌላ ግቢ ይሄዳል። ባሕር ዳር ላይ ግን የተንቀሳቀሰው ሌላ በር ነው። 3 ሚሊዮን ብር የሚያከራክር የፌዴራል ጉዳይ በድሮው ስሌት በክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይጀመር ነበር። በአዲሱ ግን በክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይጀመራል። ይግባኙም አብሮ ይዞራል። ሕገ መንግሥቱ ያው አንቀጽ 80 ላይ እንደሚለው፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌዴራል ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ይግባኙ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ከፍተኛው የወሰነው ግን ይግባኙ ለክልሉ ጠቅላይ ነው። ማለትም በፊት ዓባይ በረሃን ተሻግሮ ይግባኝ ይል የነበረ ሰው አሁን እዚሁ ከተማው ውስጥ ይላል። ለኪሱ ትልቅ ለውጥ ነው። አዋጁን ብቻ አንብባችሁ ግን እዚህ አትደርሱም። ከሕገ መንግሥቱ ጋር አጋጥማችሁ ማንበብ አለባችሁ። ይህን ማን ያድርግ? የሽንኩርት ነጋዴ?

እዚህ ላይ አንድ ምክር ጣል ላድርግ፤ በተለይ ለጀማሪ ጠበቆች። አዲስ አዋጅ ስታገኙ ከጭራው ጀምሩ። የመሸጋገሪያ ድንጋጌውን፣ የተሻሩትን ሕጎች፣ የሚጸናበትን ቀን። ሁላችንም መግቢያውን እናነባለን፤ መግቢያው ያምራል። ደንበኛችሁን የሚነካው ግን መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። የተጀመረ መዝገብ በአዲሱ ይቀጥላል ወይስ በአሮጌው? ከመቼ ጀምሮ? መልሱ እዚያ ነው።

አዋጅ ደግሞ ቢያንስ የት እንደሚገኝ ይታወቃል። የፌዴራሉ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። በ1987 በወጣው አዋጅ ቁጥር 3 መሠረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ሁለቱ ቢጣሉ አማርኛው ይገዛል። የክልላችን ዝክረ ሕግ በሚባለው ጋዜጣ ይወጣል። መመሪያ ሲሆን ፍለጋው ይከብዳል። በሬጅስትራሩ፣ ማለትም በመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ በር ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ «ከሰኞ ጀምሮ ኮፒ በሁለት» ሲሆን ደግሞ ጭራሽ የት ብለህ ትፈልገዋለህ? የሚገርመው ነገር፣ ወረቀቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ለማግኘት ያስቸግራል፤ ግን የሰውን ውሎ የሚያበላሸው እሱ ነው። አዋጅ 1234ን ሳያነብ ክስ ከፍቶ የረታ ሞልቷል። «ኮፒ በሁለት»ን ሳያነብ የመጣ ግን ከመስኮቱ ይመለሳል።

እስቲ ለአፍታ ራቅ ብለን የሌላውን አገር እንይ። አሜሪካ ውስጥ 94 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች አሉ፤ ዲስትሪክት ኮርት ይሏቸዋል። ሁሉም የሚሠሩበት አንድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ይሠራበታል። ከዚያ በተጨማሪ እያንዳንዱ ፍርድ ቤት የራሱን የአካባቢ ደንብ ያወጣል። ማመልከቻ ስንት ገጽ ይሁን፣ በምን መልክ ይግባ፣ የመሳሰለውን።

ታዲያ ዳኞቹ ተሰብስበው ዝም ብለው አይቀይሩትም። ሕጉ መጀመሪያ ለሕዝብ አሳውቁ፣ አስተያየት ተቀበሉ ይላቸዋል። ከዚያ በፍርድ ቤቱ ዳኞች አብላጫ ድምፅ ይጸድቃል። የሚጀምርበት ቀን ተቆርጦ ይነገራል። አስቸኳይ ከሆነ አስቀድመው ሊያወጡት ይችላሉ፤ ግን ወዲያው አሳውቀው አስተያየት መስማት አለባቸው። አገር አቀፉ ደንብ ሲሻሻል ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በእነሱ አቆጣጠር እስከ ሜይ 1 ለኮንግረስ ይልከዋል፤ ኮንግረስ ካልከለከለ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ይጀምራል። ጠበቃው ያችን ቀን ያውቃታል። በዓመት አንድ ቀን ዞር ብሎ ማየት ይበቃዋል ማለት ነው። እኛ አገር ለውጥ በየትኛው ወር ይምጣ ብትሉኝ መልስ የለኝም፤ በሁሉም ወር ይመጣል።

እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው። ያው የሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 83 ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ የአካባቢ ደንብ ስለ ወረቀቱ መልክ ያወጣውን መስፈርት አንድ ሰው ሆን ብሎ ሳይሆን ቢያጎድል፣ በዚያ ምክንያት መብቱን እንዲያጣ አይደረግም። ሁለተኛው ይበልጣል። በሕግ ወይም በደንብ ውስጥ የሌለ መስፈርት፣ ማለትም አንድ ዳኛ ለራሱ ችሎት ያወጣው ልማድ፣ ያንን ያልፈጸመ ሰው ሊቀጣ የሚችለው በዚያው ጉዳይ ላይ በእርግጥ ተነግሮት ከሆነ ብቻ ነው። በእርግጥ! ሰሌዳ ላይ ነበር አይበቃም።

ደንብ ቁጥር 6ም አለላችሁ። የጊዜ ገደብህ በሚያልቅበት ቀን መዝገብ ቤቱ ተደራሽ ካልሆነ፣ ጊዜው ተደራሽ እስከሚሆንበት የመጀመሪያው የሥራ ቀን ይራዘማል። በረዶ ይሁን፣ ጎርፍ ይሁን፣ ለባለጉዳዩ የሚቆጠርበት ነገር የለም። በር የዘጋው እሱ አይደለምና።

አሜሪካ ሁሉም ነገር ሰላም ነው እያልኩ አይደለም። የአካባቢ ደንቡ ስለበዛ አንድ ጠበቃ ከአንዱ ዲስትሪክት ወደ ሌላው ሲሻገር እንደ አዲስ ተማሪ ማንበብ አለበት። እነሱም በዚህ ያማርራሉ። እኔ መውሰድ የምፈልገው ከደንቡ ብዛት ሳይሆን ከእነዚያ ዓረፍተ ነገሮች ነው።

አሁን ወደ ጋዜጣ ጥሪ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የተጎዳበት ስለሆነ ቆም እላለሁ።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የ1958 ነው። መጥሪያ ለተከሳሹ በእጁ እንዲደርስ ነው መጀመሪያ የሚጥረው። ለራሱ፣ ካልሆነም ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ለወኪሉ ወይም ለቤተሰቡ። ይህ ሁሉ ሲያቅት ነው አንቀጽ 105 የሚመጣው፤ ፍርድ ቤቱ ሌላ መንገድ ሊያዝ ይችላል። ጋዜጣ ላይ ማውጣት ከእነዚህ አንዱ ነው። የመጨረሻው በር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። በተግባር ግን ምን እናያለን? ከሳሹ «አድራሻውን አላውቅም» ይላል፣ ቃለ መሐላ ያያይዛል፣ ትእዛዝ ይወጣል፣ ጋዜጣው ላይ ይታተማል፣ ተከሳሹ አይመጣም፣ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ከሳሹ የተከሳሹን ቤት በደንብ ያውቀዋል፤ አንዳንዴ ግድግዳ ይጋራሉ።

ጋዜጣውስ የት ይደርሳል? አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ የሚታተም የአገሪቱ አንጋፋ ጋዜጣ ነው። እኛ ጋ ደግሞ በኩር አለ፤ እዚሁ ባሕር ዳር ነው የሚዘጋጀው። ሁለቱንም አከብራለሁ። ግን ደቅ ደሴት ላይ ያለ ገበሬ በጀልባ ካልሆነ ከተማ የማይገባ ሰው ነው። ሲገባም እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ሳሙና ገዝቶ፣ ጀልባው ሳያመልጠው ይሮጣል። እሱ ነው የጋዜጣ የኋላ ገጽ ገልጦ በትንንሽ ፊደል ስሙን የሚፈልገው? የዘጌ ቡና ነጋዴስ? እኛ እዚህ ያለነውስ? ሐቁን እንነጋገር፣ ጋዜጣ የምንገዛው ለጨረታው ነው።

በዚህ ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 የሰጠው አንድ ውሳኔ አለ። ጉዳዩ አንድ ባንክ በአደራ የሚያስተዳድረውን ገንዘብ የሚመለከት ነበር። ተጠቃሚዎቹ ብዙ ናቸው፣ ጥሪው በጋዜጣ ብቻ ነው የወጣው። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ለየው፦ ማንነታቸውም አድራሻቸውም ለማይታወቅ ሰዎች ጋዜጣ ይበቃል፣ ሌላ ምን ይደረጋል። አድራሻቸው መዝገብ ላይ እያለ ግን በጋዜጣ ጠራኋቸው ማለት አይሠራም። ለይስሙላ የተደረገ ጥሪ እንደ ጥሪ አይቆጠርም። መለኪያው አንድ ነው፦ ይህን ሰው በእውነት ማግኘት የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያደርግ ነበር ወይ? ባለዕዳውን የሚፈልግ ነጋዴ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ አይቀመጥም። ይደውላል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ለቅሶ ቤት ይጠብቀዋል። እኛም ሕጋችን ውስጥ መለኪያው አለ፤ አንቀጽ 105 ጋ ከመድረሱ በፊት የሚጠይቀው ጥረት ይኸው ነው። ዳኞቻችን አጥብቀው ቢይዙት ሌላ አዋጅ አያስፈልገንም።

«ታዲያ ዘመኑ የኢንተርኔት ነው፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ይለጠፍ» ትላላችሁ። ይለጠፍ! ደግ ነው። ብዙ ፍርድ ቤቶችም ይለጥፋሉ። ግን ሁለት ነገር አስታውሱ። በ2015 ክረምት ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲወጣ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ እናንተ ናችሁ የምትነግሩኝ። በዚያ ጊዜ ቴሌግራም ላይ የወጣ ማስታወቂያ ለባሕር ዳር ሰው አልወጣም ማለት ነው። መንገዱም እንደልብ አልነበረም። በእነዚያ ወራት ያለፈን የጊዜ ገደብ የሚመዝን ዳኛ፣ ሰውየው ኢንተርኔቱ በነበረ ኖሮ ያየው ነበር ወይ ብሎ ሳይሆን፣ በነበረበት ሁኔታ ሊያየው ይችል ነበር ወይ ብሎ ነው መጠየቅ ያለበት።

ሌላው የቀን ነገር ነው። በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በከፊል ተዘጉ። ከዚያ መዝጊያው ተራዘመ። ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ከሰው ሰው ይተላለፋል። ግን ፎቶ ነው፣ ጫፉ ተቆርጧል፣ ቀኑ አይታይም። የትኛው የመጀመሪያው፣ የትኛው የማራዘሚያው እንደሆነ ማን ይለየዋል? በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባም እንዲሁ ነው። ፍርድ ቤት ለክረምት ዕረፍት በከፊል ይዘጋል፤ አስቸኳይ ጉዳዮችን ተረኛ ችሎት ያያል። ያምናውን ማስታወቂያ የሚያዞር ሰው አይጠፋም። ስልካችሁ ላይ የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ከደረሳችሁ ቀን፣ የደብዳቤ ቁጥር፣ ማኅተም እዩ። አንዱ ከጎደለ ወሬ ነው በሉት፣ ሄዳችሁ እስክታረጋግጡ ድረስ።

ከፍርድ ቤቶች የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማስታወቂያው የወጣበት ቀንና የሚጀምርበት ቀን ለየብቻ ይጻፍ፤ በመካከሉም ሰው የሚሰማበት ጊዜ ይኑር። የተጀመሩ መዝገቦች ምን እንደሚሆኑ በአንድ መስመር ይነገር። ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ከሰሌዳው ይነሳ፣ እባካችሁ። መጀመሪያ በመጣ ሰው ላይ አዲሱን አሠራር እንደ ዱላ አትጠቀሙበት፤ ወረቀቱን ተቀበሉት፣ «የጎደለውን እስከ ዓርብ አምጣ» በሉት። ይህ የሬጅስትራር ደግነት ሳይሆን ደንብ መሆን አለበት።

አስተያየት መሰብሰቡንም እንግፋበት። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ ቁጥር 1183/2012፣ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሲያወጡ ረቂቁን ለሕዝብ እንዲያሳውቁና አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ይህን ካደረገ ፍርድ ቤት ለምን አያደርግም? አዋጁ ፍርድ ቤትን አይመለከትም፣ አውቃለሁ። ነፃነቱም መከበር አለበት። ግን የገጽ ብዛትና የመዝገብ ቤት ሰዓት ሲቀየር እዚያ መስኮት ላይ የሚውሉትን ሰዎች መጠየቅ የዳኝነት ነፃነትን ምኑን ይነካል? እንዲያውም ዳኛው የማያየውን ነገር የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ይህን ካልኩ በኋላ መድረኩ ለጥያቄ ተከፈተ። አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ቀድሞ ተነሳ። «አንተ ስለ እኛ ልትናገር ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ ዘለልከን» አለኝ። «አዲስ ነገር ሲወጣ የመጨረሻዎቹ ሰሚዎች እኛ ነን። ባለጉዳይ ከፍሎኝ ይሄዳል፤ ከሰዓት ተመልሶ የጻፍክልኝ ወረቀት ተመለሰ ይለኛል። ገንዘቡን እመልስለታለሁ እንጂ ምን እላለሁ?» አዳራሹ ሳቀ፣ እሱ ግን የምሩን ነበር። ያልኩት ይህን ነው፦ ከግቢው በር ላይ በጃንጥላ ሥር የምትቀመጡት እናንተ ከሰሌዳውም፣ ከጋዜጣውም፣ ከቴሌግራሙም የበለጠ ሰው ታገኛላችሁ። ጠበቃ መቅጠር የማይችለው ሰው መጀመሪያ የሚያናግረው እናንተን ነው። አንድ ሬጅስትራር አዲስ አሠራር ሲመጣ ጠዋት ወጥቶ ለእናንተ አንድ ገጽ ቢያድል ሥራው ይቃለልለታል። በማኅበር ሆናችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። እኔም ፊርማዬን አኖራለሁ።

አንዲት ወጣት ጠበቃ ቀጠለች፦ «በውክልና ለሚታይ የፌዴራል ጉዳይ የማንን ማስታወቂያ ነው የምንከተለው? የአዲስ አበባውን ወይስ የክልሉን?» ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የምሄድበት መንገድ ይህ ነው። የትኛው ፍርድ ቤት ያየዋል፣ ይግባኙ ወዴት ነው ለሚለው የፌዴራሉን ሕግ ነው የምይዘው። የትኛው በር፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ችሎት፣ ለክረምቱ መቼ ይዘጋል ለሚለው የምገባበትን ሕንፃ ማስታወቂያ ነው የምከተለው። ሁለቱ ሲጋጩ በቃል አልከራከርም። ለሬጅስትራሩ በጽሑፍ ጠይቄ መልሱን ፋይል ውስጥ አስገባለሁ። የይግባኝ ጊዜ ሲሆን ደግሞ ዕረፍት ነው ብዬ አልተኛም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው፤ ዕረፍቱ ያራዝመው አያራዝመው የሚል ክርክር ውስጥ መግባት የሚወድ ሰው ይግባ፣ እኔ ነሐሴ ሳይገባ አስገብቼ እገላገላለሁ።

የመጨረሻውን ጥያቄ ያነሱት ከዘጌ የመጡ እናት ናቸው። አዲስ አበባ በሚገኝ ፍርድ ቤት፣ በውርስ ቤት ጉዳይ፣ በጋዜጣ ተጠርተው ሳይሰሙ ቀርተዋል። ውሳኔ መሰጠቱን የሰሙት አዲስ አበባ ካለው ወንድማቸው ነው። «አሁን ምን ቀረኝ ልጄ? ይግባኝ ልበል?» አሉኝ።

እትዬ፣ ወደ ይግባኝ አይሩጡ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 ለእንዲህ ያለ ሰው ነው የተጻፈው። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱ እንዲነሳለት ማመልከት የሚችለው ፍርዱን ለሰጠው ለዚያው ፍርድ ቤት ነው። ጊዜው አንድ ወር ነው። የሚቆጠረውም ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን እርስዎ ካወቁበት ቀን ጀምሮ ነው። መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰዎት፣ ወይም እንዳይቀርቡ ያደረገ በቂ ምክንያት እንደነበረዎት ማስረዳት አለብዎት። ከሳሹ ዘጌ መኖርዎን ያውቅ ከነበረ እሱን የሚያሳይ ነገር ይፈልጉ፤ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የድሮ ውል፣ የተላላኩት መልእክት፣ የሚመሰክር ጎረቤት። ከማን፣ በየትኛው ቀን እንደሰሙ ማመልከቻው ላይ ይጻፉ፤ ወንድምዎም ይህንኑ በቃለ መሐላ ያረጋግጥ። ራስዎ መሄድ ካልሆነልዎ ውክልና ይስጡትና እሱ ያስገባልዎ። «መቼ ነው የነገረዎት?» ብዬ ስጠይቃቸው «የዛሬ ሳምንት» አሉኝ። እንግዲያው ሳምንቱ ሄዷል፤ ውክልናውን ሰኞ ጠዋት ይጨርሱት።